ታንኳና ካሜራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከፎቶግራፍ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውን ፎቶግራፎች ተመልክታችኋል። ስለ እነርሱ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን።

በካምቦዲያ አገር በቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፉ መንደሮች አሉ። በፔሩም በቲቲካካ ሐይቅ የኡሮስ ሰዎች ከቄጠማ በተሠራ ደሴት ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፥ በደጃችን ያለውን ሳናውቅ የሩቁን ብቻ ማድነቅ አይገባንም። በጣና ላይ ተንሳፋፊ ቤት ባይኖርም፥ በዳርቻው የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸውን በታንኳ ላይ መሥርተዋል።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በገመድ ጥብቅ ተደርጎ እየታሰረ አፍንጫው ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቃናል። ሚስማር አያሻውም። ደንገል በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለመሻገር የሞከረባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሥራ በፎቶግራፍ ለማንሣት ስንነሣ ሦስት ነገሮችን ደንብ አደረግን።

መጀመሪያ፥ ሳንጠይቅ ማንንም አናነሣም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን ንቀዋቸዋል፤ አብሮ መብላትንም ተጸይፈዋል። የተቀደደ ልብስን ብቻ ፈልጎ የሚያነሣ ሰው ያንን ንቀት በወረቀት ላይ ያትማል። አንድ አባት እንድናነሣቸው ከፈቀዱልን በኋላ፥ ታንኳው እስኪያልቅ ድረስ እንድንታገሥ ነገሩን። እኛ እጃቸው ገመዱን ሲያጠብቅ ለማንሣት ጓጉተን ነበር፤ እርሳቸው ግን ካለቀው ሥራቸው ጎን ቆመው መታየትን ፈለጉ። ሁለቱንም አነሣን። በመግቢያው በር አጠገብ ትልቅ ሆኖ የተሰቀለው እርሳቸው የመረጡት ነው።

ሁለተኛ፥ ሰዓት እንመርጣለን። በማለዳና ወደ ማታ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። በቀትር ግን ውኃው ፀሐይን እንደ መስተዋት እየመለሰ ዐይንን ያጭበረብራል፤ የሰውም ፊት ይጠቁራል። ከዘጌ በኩል የማገዶ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች፥ ቀረሶና አምባዛ ይዘው የሚመለሱትን ዓሣ አጥማጆች፥ ከደንገል ቅርጫት የሚሠሩትን እናቶች ያነሣነው ፀሐይን ከኋላችን አድርገን ነው።

ሦስተኛ፥ ፎቶግራፉን አሳትመን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ካልመለስን መውሰድ እንጂ ማንሣት አይባልም።

ስለ ምን ይህን ያህል ደከማችሁ ትሉን ይሆናል። ምክንያቱ ደንገሉ እየተመናመነ መሄዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ባነሰ ጊዜ ብዙ ደንገል ደረቀ፤ ከውኃው የተራቆተውም መሬት ታረሰ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። ምንም እንኳ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብ፥ መዝገብ ብቻውን ደንገል አያበቅልም። ደንገሉ ካለቀ የታንኳው ጥበብም ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ይቀራል።

እርግጥ ነው፥ ፎቶግራፍ ታንኳን አያድንም። ነገር ግን እጅ እንዴት እንደሚያስር፥ ገመዱ የት ላይ እንደሚዞር ለሚመጣው ልጅ ያሳያል፤ ሠሪውም ባለ ሙያ መሆኑን ይመሰክራል።

ስለዚህ ወላጆቻችን በሣጥናችሁ ያስቀመጣችሁትን የቀድሞ የሐይቅ ፎቶግራፍ እንድታውሱን፥ መምህራኖቻችንም ቀኑና ቦታው እየተጻፈበት በቤተ መጻሕፍታችን የሚቀመጥበትን መንገድ እንድታበጁልን በትሕትና እንለምናለን። ለታናናሾቻችንም የምንለው ይህ ነው፤ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሥራውን ተመልከቱ።