ኮንትራቱ በማን እጅ ነው?

/ለመምህራንና ለተማሪዎች በተዘጋጀ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር/



እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት የምተዳደር ሰው ነኝ፡፡ ዶክተርና ፕሮፌሰር በሞላበት አዳራሽ ስለ አካዳሚክ ነፃነት ተናገር ስባል «ምን ቆርጦኝ!» ብዬ ነበር፡፡ ኋላ ሳስበው ግን እኔም የማውቀው አንድ ነገር አለ፡፡ ስልክ ስደውልላችሁ የምትሉኝን!

ስለ ኑሮ ውድነት ልጽፍ ብዬ ለአንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ደወልኩ፡፡ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ፤ ዳቦ ለምን እንደተወደደ ገባኝ፡፡ መጨረሻ ላይ ግን «ስሜን እንዳትጠቅስ፣ አደራ! ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ወር ነው የቀረው» አሉኝ፡፡ ሰውዬው ምሥጢር አላወጡም፣ መንግሥት ይገልበጥ አላሉም፡፡ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩትን ነው የነገሩኝ፡፡

ለመሆኑ ይኼ ፍርሃት ከየት መጣ? ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ ሕይወት ጠፋ፡፡ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ፡፡ የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከተባረሩት አንዱ ነበሩ፡፡ እሳቸው በፖለቲካ ተጣሉ እንበል፤ ቀዶ ሕክምና ሊማር የመጣው ልጅ ምን በደለ? ኋላም ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም ለሕክምና በሄዱበት አሜሪካ አረፉ፡፡ ሌላው ተባራሪ፣ የመምህራን ማኅበሩ መሪ ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት፣ ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም እስር ቤት ከረሙ፡፡ የተረፈው መምህር ይህን አይቶ ምን ይማር?

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ፡፡ መጋቢት 30 ቀን 1993 ዓ.ም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ንግግር አደረጉ፡፡ በቀናት ውስጥ ተማሪው ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ጋዜጣችንና ማኅበራችን ይመለሱልን አለ፡፡ በተከተለው ብጥብጥ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፡፡ ሁለቱ ተናጋሪዎችም «ተማሪ አነሳስታችኋል» ተብለው ሚያዝያ 30 ቀን ታሠሩ፤ በዋስ እስኪለቀቁ አንድ ወር ግድም ፈጀ፡፡ ስለ አካዳሚክ ነፃነት ተናግሮ የታሰረው ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ! የታሰረ ሰው ሚኒስትር ሲሆን የማሰሪያው ገመድ ይበጠሳል ብለን ጠብቀን ነበር፡፡

በእርግጥ በ2015 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፡፡ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፡፡ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ነፃነት ሌላ፣ የመምህሩ ነፃነት ሌላ! ትናንት ሚኒስትሩ ያባርር የነበረውን ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ቢያባርር ለተባራሪው ምን ለውጥ አለው? ሕግማ ሞልቶናል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ነፃ ይሁን ይላል፤ የ2001ም ሆነ የ2011 የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የአካዳሚክ ነፃነት ይከበር ይላሉ፡፡ የጎደለው የኮንትራቷ ወረቀት ናት፡፡ ደሞዝም አንሷችኋል፣ አውቃለሁ፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን፡፡

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ፡፡ የመምህርን ሥራ የሚመዝነው ሙያውን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባው ይሁን እንጂ የፓርቲ ሰው አይሁን፡፡ ኮንትራት አይታደስም የሚል ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፡፡ የተባረረውም ከአባራሪው ሌላ ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይኑረው፡፡ አስር ዓመት ያስተማረ ሰው ደግሞ በየሁለት ዓመቱ እንደ ቀን ሠራተኛ «ነገ ልምጣ ወይ?» እያለ ባይጠይቅ ደስ ይለኛል፡፡

ይህን ከአዳራሹ ሳትወጡ በወረቀት አስፍራችሁ ለሴኔቱ አስገቡ፡፡ የፈራ ካለ ከታች ይፈርም፤ ፊደሉ የማይነበብ ቢሆንም ግድ የለም፡፡ ግልባጩን ለእኔ ስጡኝ፣ አሳትመዋለሁ፡፡