ድረ ገጻችንን የሚጎበኘው ሰው ማን ነው? ምንስ ፈልጎ መጣ?

ለማኅበሩ አባላትና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የየቲም ልጆችን አደራ ተሸክማችሁ ያላችሁ እናቶች፤ ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ለእኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግዳ ነበር። ርእሱ የማኅበራችን ድረ ገጽና እርሱን የሚጎበኙ ሰዎች ናቸው።

እኛ ቂርአትን በሉህና በቀለም የጀመርን፣ ኋላም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተከታተልን ሰዎች ነን። ስለ ኮምፒውተር የምናውቀው ከልጆቻችንና ከተማሪዎቻችን የለቀምነውን ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከሐለቃ ያገኘነው አንድ ልምድ አለ። ኪታብ የሚያስቀራ ሰው ዐይኑን ከኪታቡ እያነሣ የደረሳውን ፊት ይመለከታል። ትምህርቱ የገባው ማን እንደ ሆነ፣ ሳይገባውም ራሱን የሚነቀንቀው ማን እንደ ሆነ ከፊቱ ያነብባል። በድረ ገጽ ላይ ግን ፊት የለም። ሰው ይመጣል፣ ያነብባል፣ ይሄዳል፤ እኛ መምጣቱንም መሄዱንም ሳናውቅ እንቀራለን።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ባለሙያዎቹ ዌብ አናሊቲክስ ይሉታል። አንድ ገጽ በጎብኚው ስልክ ላይ ሲከፈት፣ በገጹ ውስጥ የተቀመጠች አጭር የፕሮግራም ትእዛዝ አብራ ትነሣለች። የትኛው ገጽ እንደ ተከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ስልክ፣ ከየትኛው አገር እንደ ሆነ መዝግባ ወደ ማእከል ትልካለች። ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክትም በስልኩ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሰውየው በሌላ ቀን ሲመለስ ከዚህ በፊት መጥቶ እንደ ነበር ለመለየት ነው። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈለሰፈው በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ጉግል ደግሞ በ2005 ኡርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጉግል አናሊቲክስን በነጻ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገንዘብ የሌለው ማኅበር ሁሉ የዚህ መሣሪያ ተጠቃሚ ለመሆን በቃ። እኛም በነጻነቱ ተስበን ገባንበት። የነጻው ነገር ዋጋ ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን የሰዓት ስሕተት ነበር። መዝገቡ ጎብኚ የሚበዛው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ መሆኑን ነገረን። እኛም አምነን በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያነሣ ሰው መደብን፤ የሚደውል ግን አልነበረም። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ወጣት የመሣሪያውን ቅንብር ከፍቶ ቢመለከት፣ ሰዓቱ የተሞላው በአሜሪካዊቷ የሎስ አንጀለስ ከተማ አቆጣጠር ሆኖ ተገኘ። ሎስ አንጀለስ ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እዚያ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ጎብኚዎቻችን ዒሻን ሰግደው፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው ስልካቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ነበሩ። የመደብነው ሰው በዚያ ሰዓት ከቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላ ነበር።

የአገር ጉዳይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን ይጠቀም ነበር። ቪፒኤን የከፈተ የመርካቶ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ የአምስተርዳም ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን በሆላንድ አዲስ ለጋሾች አገኘን ብለን ተደስተን፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ በእንግሊዝኛ የምስጋና ደብዳቤ ስለ ማዘጋጀት ሁሉ ተወያይተናል። መሣሪያው የሚቆጥረው ስልክን እንጂ ሰውን አለመሆኑንም ልብ ያላልን ብዙዎች ነን። በአንድ ቤት እናት፣ ልጆችና አያት በአንድ ስልክ ሲገለገሉ መዝገቡ አንድ ጎብኚ ይላቸዋል። ስልክም ኮምፒውተርም ያለው አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን ግን ገብተው ወዲያው የሚወጡ ሰዎች ጉዳይ ነበር። የቀድሞው ጉግል አናሊቲክስ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 መረጃ መቀበል እስካቆመ ድረስ፣ አንድ ገጽ ብቻ አይቶ የወጣን ሰው ምንም እንዳላደረገ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። አሁን ያለው ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየውን እንደ ተሳታፊ ስለሚቆጥር በመጠኑ ይሻላል። የእኛ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የተጻፈው በፊተኛው ገጽ ላይ ነበር። ለጋሹ ይገባል፣ ቁጥሩን በወረቀት ይገለብጣል፣ ይወጣል፣ በማግስቱ ባንክ ሄዶ ያስገባል። ከሁሉም ቁም ነገር የሠራው እርሱ ሆኖ ሳለ በመዝገቡ ላይ ግን እንደ ሸሸ ሰው ተጻፈ። በስብሰባ ላይ አንዱ “ሰው ሰደቃ ጠልቷል” ሲል፣ ሌላው የሚያለቅሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ በትልቁ ይለጠፍ አለ። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ያኔም ተቃውመናል፤ ዛሬም እንቃወመዋለን። የየቲም ልጅ ዕንባ የገንዘብ መጥሪያ አይደለም፤ ልጁ ነገ አድጎ ያንን ፎቶግራፍ ያየዋል።

እንዲህ ያለውን ክርክር በሙከራ መፍታት ይቻላል። የታወቀው ምሳሌ የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ዳን ሲሮከር የተባለ ባለሙያ ያለበት ቡድን የዘመቻውን መግቢያ ገጽ በ24 ዓይነት ልዩ ልዩ መልክ አዘጋጅቶ ለ310,382 ጎብኚዎች በዕጣ አከፋፈለው። የዘመቻው ሰዎች ቪዲዮ ይበልጣል ብለው ነበር፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ ከፎቶግራፎቹ ያነሰ ውጤት አመጡ። “ይመዝገቡ” ከሚለው ይልቅ “ተጨማሪ ይወቁ” የሚለው ቃል ከቤተሰቡ ፎቶግራፍ ጋር ሆኖ አሸነፈ፤ ከመቶ 8.26 የነበረው የተመዝጋቢ ድርሻ ወደ 11.6 ከፍ አለ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሙከራው የትኛው እንደሚሻል ነገራቸው እንጂ ሰዎቹ ለምን ያንን እንደ መረጡ አልነገራቸውም። ለዚያ ደግሞ በዕጣ የሚከፋፈል ብዙ ሺህ ጎብኚ ያስፈልጋል፤ እኛ ያ ሁሉ ሰው የለንም።

ያለን አማራጭ መጠየቅ ነበር። ስለዚህ በገጻችን ጥግ ላይ የቀጥታ የጽሑፍ ውይይት መስኮት፣ በተለምዶ ላይቭ ቻት የሚባለውን፣ ከፈትን። ከዒሻ በኋላ ሁለት ወጣቶች ተራ ገብተው መልስ እንዲሰጡ ተደረገ።

ለጋሾች የጠየቁት እኛ ያልጠበቅነውን ነው። የዘካው ገንዘብ ከሰደቃው ጋር ይቀላቀላል ወይ? ስሜ ሳይጻፍ መስጠት እችላለሁ ወይ? ከጅዳ እንዴት ልላክ? ለአንድ ልጅ የጀመርኩትን ድጋፍ ሥራ ባጣ ባቋርጠው ልጁ ምን ይሆናል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተደጋግሞ መጣ። ይሰጡ የነበሩ ሰዎች የሚያመነቱት ልባቸው ጠብቦ ሳይሆን አደራን ፈርተው ነበር። ለዚህ ጥያቄ በገጻችን ላይ አንድም መስመር አልጻፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመዝገቡ ላይ እጅግ የምንኮራበት አንድ ቁጥር ነበር፤ ተመላሽ ጎብኚዎች የሚባለው። የምዝገባ መስፈርቱን የያዘውን ገጽ ደጋግመው የሚከፍቱ ስልኮች ነበሩና፣ ይህንን እንደ ወዳጅነት ቆጥረን በሪፖርታችን ላይ አስፍረናል። አንድ ምሽት በዚያ መስኮት አጭር መልእክት መጣ። አማርኛው የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የቤተሰቡን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ትተን እንናገረዋለን።

“ሰላም። ሰው አለ?”

“አለን፣ እህቴ። ምን እንርዳሽ?”

“እማዬ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው። አባባ የሞተው ሳዑዲ ነው። ፎርሙ የሞት ምስክር ወረቀት ይላል። እኛ ወረቀት የለንም።”

ወጣቱ መልሱን አላወቀውም። ይቅርታ ጠይቆ ነገ እንዲመለሱ ነገራት። እርሷም “ብዙ ጊዜ ገብተን አንብበነዋል፣ የሚለው ያው ነው” ብላ ጻፈች። የምንኮራበት ቁጥር ይህ ነበር። ሰዎቹ የተመላለሱት ገጹን ወድደውት ሳይሆን፣ ምናልባት ዛሬ ሌላ ነገር ተጽፎ ይሆናል ብለው ነበር። በሩ ተዘግቶባቸው የሚያንኳኩትን እኛ እንደ ዘወትር ደንበኛ ቆጠርናቸው።

ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀርቦ፣ ሟቹ በውጭ አገር ያረፈ ከሆነ የጎረቤቶችና የመስጊዱ ኢማም ምስክርነት እንዲበቃ ተወሰነ። ይኸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በገጹ ላይ ተጻፈ፤ ስልክ ቁጥርም ተጨመረ። ቤተሰቧ ዛሬ ከምንደግፋቸው መካከል ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። ከዚያ በፊት ተስፋ ቆርጠው መመላለስ ያቆሙት ስንት እንደ ሆኑ ግን መዝገቡ አይነግረንም።

ስለ መስኮቱ አያያዝ ጥቂት እንበል። መልስ የሚሰጥ ሰው በሌለበት ሰዓት “አለን” የሚል ጽሑፍ ማሳየት ውሸት ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲጠፋ መስኮቱ ይዘጋል። ገና የሚያነብበውን ሰው ፊት ዘልሎ “ምን ልርዳዎት?” ማለትም ቀርቷል፤ ሱረቱ ኑር ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅ ያስተምራልና፣ የሚፈልገው ራሱ ይጫነው። ስም አስቀድመን አንጠይቅም። አንዳንድ ወጣቶች በራሱ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲገባ ሐሳብ አቅርበዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ባሏን ለቀበረች እናት ግን ሰው ይመልስላት ብለናል።

አንድ ነገር ሲነገረን ደንግጠናል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ጎብኚው ገና እየጻፈ፣ ሳይልከውም፣ የሚጽፈውን ለመልስ ሰጪው ያሳያሉ። ሰው ጽፎ ይሰርዛል፤ የሰረዘውን ደግሞ የሰረዘው እንዲታይበት ስላልፈለገ ነው። ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አያህ ስለላን የከለከለችው ለጎረቤት መስኮት ብቻ አይመስለንም። ይህንን አገልግሎት በዚያው ቀን አዘጋነው።

ዋጋውን ለማየት እንመለስ ብለን ነበር። ሙስሊም ፕሮ የሶላት ወቅትንና ቂብላን የሚያመለክት፣ በመላው ዓለም በሚሊዮኖች የተጫነ የስልክ መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር፣ የተጠቃሚዎቹ መገኛ መረጃ ኤክስ ሞድ ለተባለ ኩባንያ ይደርስ እንደ ነበር፣ ኤክስ ሞድም ለሥራ ተቋራጮች፣ በእነርሱም በኩል ለአሜሪካ ጦር ይሸጥ እንደ ነበር ዘገበ። ባለቤቶቹ ወዲያው ግንኙነቱን እንደሚያቋርጡ አስታወቁ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በጥር 2024 ኤክስ ሞድና ተተኪው እንዲህ ያለውን ጥብቅ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጡ ከለከለ። ያው ኮሚሽን በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል፤ ምስጢራችሁን እንጠብቃለን ብሎ የተቸገሩ ሰዎችን መረጃ ለፌስቡክና ለሌሎች ለማስታወቂያ አሳልፎ ነበርና። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በአውሮፓ ለሚኖሩ ለጋሾቻችን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ የኅብረቱ ደንብ አለ። ሕጉ ባይኖርም የየቲም ቤት ምስጢር አማና ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርገናል። የጉብኝት መዝገቡን ማቶሞ ወደሚባለው፣ ቀድሞ ፒዊክ ይባል ወደ ነበረው ነጻ ፕሮግራም አዛውረናል፤ በራሳችን ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ መረጃው ወደ ሌላ ኩባንያ አይሄድም። ቤተሰቦች ለምዝገባ ከሚገቡበት ገጽ ላይ ደግሞ መመዝገቢያውን ጨርሶ አንሥተነዋል። በዚያ ገጽ ስንት ሰው እንደሚገባ ዛሬ አናውቅም። ከእናንተ መካከል ይህንን የተቃወሙ አሉ፤ ቁጥሩ ለዓመታዊ ሪፖርት ያስፈልጋል ይላሉ። ቅሬታቸው ይገባናል፤ ሆኖም ውሳኔው እንዲጸና እንፈልጋለን።

የጎደለን ሰው ነው። መስኮቱ በአሁኑ ጊዜ የሚከፈተው በሳምንት አራት ምሽት፣ ከዒሻ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ተራ የሚገባ አልተገኘም፤ አፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ደግሞ አንድ ብቻ አለን። መግባት የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።