ቲንቲናቡሌሽን፦ ራሱ የሚያቃጭል ቃል

የዛሬው የእንግሊዝኛ ቃላችን ረዘም ይላል፤ ቲንቲናቡሌሽን። የደወል ድምፅ፣ በተለይም የብዙ ደወሎች ተከታታይ ቅጭልታ ማለት ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። ሮማውያን ደወልን ቲንቲናቡሉም ይሉት ነበር። ጮክ ብላችሁ በሉት እስቲ፤ ምላስ ጥርስን ደጋግማ ስትነካ ቃሉ ራሱ ያቃጭላል።

ዝናውን ያገኘው ግን በአሜሪካዊው ገጣሚ በኤድጋር አለን ፖ ነው። «ደወሎቹ» የተሰኘው ግጥሙ ለኅትመት የበቃው ባረፈበት ዓመት፣ በ1849 እ.ኤ.አ.፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ግጥሙ አራት ክፍሎች አሉት፤ በመጀመሪያው በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ የብር ደወሎች ይሰማሉ። ከዚያ የሠርግ የወርቅ ደወል፣ የእሳት አደጋ የነሐስ ደወል፣ በመጨረሻም የሙት የብረት ደወል ይከተላሉ። ፖ ይህን ቃል የተጠቀመው ለብሮቹ ብቻ ነው። ትክክል አድርጓል እላለሁ፤ በእሳት መካከል ለሚጮኽ ወይም ሞት ለሚያረዳ ደወል እንዲህ ያለ ፈንጠዝያ ያለው ቃል አይሆንም።

ቃሉ ዛሬም የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ቃል ነው። ስለ ስልክ ጥሪ ወይም ስለ በር ደወል ስታወሩ አታውጡት፤ ለዚያ «ሪንግ» ይበቃል። በርከት ያሉ ትንንሽ ደወሎች ሲንቃጨሉ ግን ያለ ስስት ተጠቀሙበት።

በሙዚቃውም ዓለም ዘመዱን ታገኙታላችሁ፤ የኢስቶኒያው አቀናባሪ አርቮ ፔርት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጽፍበትን ስልት «ቲንቲናቡሊ» ብሎ ሰይሞታል።