ኪኒኑ በነፃ፣ መንገዱ በብር
(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቁጠባው ወይም ስለ በግ ማድለቡ ሳይሆን ስለ አንዲት አባላችን ነው። እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። «የሆነውን ንገሩ፤ ስሜን ግን ተዉት» ስላለችን ስሟን አንጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህች እህታችን እየከሳች ሄደች። ሌሊት ያልባታል። ውኃ ተሸክማ ዳገቱን መውጣት አቃታት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ «ጠገብሁ» ትላለች። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ጠጣር እብጠት ይዳሰስ ነበር። አንዱ ወባ ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ። በመጨረሻ ደሟ ሲመረመር፣ በጤነኛ ሰው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ የሚሆነው ነጭ የደም ሕዋስ የእሷ ከ200 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። እብጠቱም ጣፊያዋ ነበር።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተልካ የበሽታው ስም ተነገራት። ሲ.ኤም.ኤል የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከእናት ወደ ልጅም አይወርድም።

አብራት የሄደችው ታናሽ እህቷ «ከእኔ አጥንት መቅኔ ወስዳችሁ ስጧት» ብላ ሐኪሙን ለመነች። ልመናዋ ያለ ነገር አልነበረም። ቀድሞ ይህን በሽታ ከሥሩ የሚነቅለው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ብቻ ነበር። ለዚያ ግን የሚገጥም ሰጪ ያስፈልጋል፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ሕመምተኛው መጀመሪያ በብርቱ መድኃኒት የራሱ መቅኔ ይጠፋል፣ ከዚያ የሌላው ይሰጠዋል። ለወራት ከሰው ተለይቶ ይጠበቃል፤ በሕፃንነቱ የተከተበውን ክትባት እንደገና ይከተባል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ግሊቬክ የሚባል ኪኒን ሲፈቀድ ነገሩ ተለወጠ። በየቀኑ በአግባቡ የሚውጡት አብዛኞቹ ከሌላው ሰው ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ይኖራሉ። ንቅለ ተከላው ኪኒኑ ለማይሠራላቸው ሆነ። ሐኪሙም ለታናሿ «መቅኔሽ ይቆይ፤ አንቺ ኪኒኗን እንዳትረሳ ጠብቂልን» አላት። እስከ ዛሬ ጠባቂዋ እሷ ናት።

ኪኒኑ ውድ ነው፤ እህታችን ግን በነፃ ታገኘዋለች። ይህም የሆነው በሌሎች ሰዎች ሐዘን ነው። ማክስ ሪቫሮላ የሚባል ወጣት በዚሁ በሽታ በ17 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ዐረፈ። ቤተሰቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ማክስ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት በስሙ አቋቋሙ። ኖቫርቲስ የተባለው አምራች የሚለግሰው ኪኒን በዚህ ድርጅት በኩል መክፈል ለማይችሉ ሕመምተኞች ሲደርስ ኖሯል፤ በአገራችንም በጥቁር አንበሳ በኩል።

ኪኒኑ በነፃ ነው፤ መንገዱ ግን በብር ነው። ከአርብ ገበያ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ። መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ አለ። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ኪኒኗ አለቀ፤ ሳምንታት አለፉ። ስትመረመር ነጭ ሕዋሷ እንደገና ወጥቶ ነበር። ኪኒን የሚያቋርጥ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድበት ይችላል።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በየቀኑ ኪኒን ስትውጥ አይተን «ያ በሽታ ነው» ብለን ያወራን እኛ ነን። ቡና ስንጠጣ ሲኒዋን ለብቻ ያስቀመጥን እኛ ነን። በዚህ የተነሳ ኪኒኗን እህል ጎታ ውስጥ ደብቃ በጨለማ ትውጥ ነበር። በሽታው ባይተላለፍም ሐሜታችን ተላልፏል። ኤች.አይ.ቪ ቢሆንስ ኖሮ፣ ሲኒ መለየት ምን ይባላል? ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እንጠይቃለን።

ከእሷ የተማርነውን እንንገራችሁ። ኪኒኑ ከምግብ ጋር በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ በጾም ወቅት ከቅዳሴ መልስ እህል ስትቀምስ ትውጠዋለች። ጠዋት ዓይኗ ሥር ያብጣል፣ እግሯን ቁርጠት ይይዛታል፤ ይህን ለሐኪም ትነግራለች እንጂ በራሷ አታቋርጥም። ጠበል ትጠመቃለች፣ ኪኒኑንም ትውጣለች፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። የባህል መድኃኒት ግን ሐኪም ሳትጠይቅ አትደርብም። ልጅ ትፈልጋለች። ኪኒኑ ለፅንስ ስለማይሆን ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መምከር አለባት። እስከዚያ ወሊድ መከላከያ ትጠቀማለች። «መቼ ነው የምትወልጂ?» እያልን የምንነዘንዛትም እንተው።

ከቁጠባችን ላይ ለመንገዷ ማዋጣት ጀምረናል። አይበቃም። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ለሩቅ ሕክምና የሚሄዱ አባላት መሳፈሪያና ማደሪያ የሚሸፈንበት ትንሽ ሣጥን፣ እና ክትትሉ ወደ ቅርባችን እንዲመጣ ድምፃችሁን እንድታሰሙልን። አባላትን የምንለምነው ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ የከሳችውን፣ ጎኗ ያበጠውን ጎረቤት ከማማት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደሟ ይቆጠር በሉ።

ባለፈው ወር እህታችን ዳገቱን ውኃ ተሸክማ ወጣች። ዛሬ ቡናውን የምታፈላልን እሷ ናት። ሲኒው አንድ ነው፤ ኑ አብረን እንጠጣ።