የካምሻፍትን ማርሽ ያለ አደጋ ስለ መፍታት



የውሃ መሳቢያ ሞተር በበጋ ተበላሽቶ ቢቆም፣ በማሳ ላይ ያለው ሽንኩርት መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ሞተሩን በራሳችሁ እጅ ትፈታላችሁ፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ያላዋቂ እጅ ፈጥኖ ከሚያበላሻቸው ክፍሎች አንዱ የካምሻፍቱ ማርሽ ነው።

ካምሻፍት ማለት ቫልቮላዎችን በየተራ የሚያስከፍትና የሚያዘጋ ዘንግ ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ማርሹ የኮሎውን ማርሽ እጥፍ ጥርስ አለው። ይህ አገጣጠም በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛባ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ብዙ ከተዛባ ፒስቶኑ ቫልቮላውን መትቶ ሊያጣምመው ይችላል።

አስቀድሞ ሞተሩ ይብረድ፤ የናፍጣው መክፈቻ ይዘጋ፤ ባትሪ ካለው ገመዱ ይነቀል። ክዳኑን ከከፈታችሁ በኋላ ሞተሩን በሚሠራበት አቅጣጫ በእጅ እያዞራችሁ በማርሾቹ ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች አገናኙ። ዘይት ስለሚሸፍናቸው በጨርቅ ጥረጉ፤ ከጠፉም ሳትፈቱ በፊት በሚገናኙት ጥርሶች ላይ ቀለም ቀቡ። ጣታችሁን በጥርሶቹ መካከል አታግቡ፤ የቫልቮላው ሞላ የታመቀ ኃይል ስላለው ዘንጉ በድንገት ሊዞር ይችላል።

ማርሹ በካቴና የሚዞር ከሆነ ካቴናውን ከማርሹ ጋር በሽቦ እሰሩት። ቡሎኑን ስትፈቱ ዘንጉን በመያዣ ያዙ እንጂ በካቴናው አትመኩ። ማርሹ ከወጣ በኋላ ኮሎውንም ካምሻፍቱንም አታዙሩ።

መዶሻንስ በዚህ ሥራ አጠገብ ባላየው እወዳለሁ። በመዶሻ የተመታ ጥርስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። የጠበቀ ማርሽ በባለ እግር መጎተቻ ቀስ በቀስ ይወጣል። የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ በአንድ ወንዝ ዳር የሚያጠጡ ገበሬዎች አንድ መጎተቻ በጋራ ቢገዙ ይበቃቸዋልና ምከሯቸው። ሙያውን ጠልቆ መማር የሚሻ ልጅ ያለውንም በአዲስ አበባ ልደታ ወደሚገኘው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ወደ ተቋቋመው ተግባረ ዕድ ምሩት።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ምልክቶቹን አገናኙ፤ ቡሎኑንም መመሪያው በሚያዘው ልክ አጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። እንቢ ካለ አታስገድዱት፤ ፈትታችሁ እንደገና ተመልከቱ። በመካከል ሌላ ማርሽ ያለባቸው አንዳንድ ሞተሮች ከሁለት ዙር በኋላ ምልክታቸው ላይገጥም ይችላል፤ አገጣጠሙ ትክክል ከነበረና ዙሩም ያለ እክል ካለቀ፣ ክዳኑን ዝጉና ናፍጣውን ክፈቱ።