ለአንዲት ቅጽበት የተደረገ ዝግጅት



አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሬይ አለን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2014 በአራት ክለቦች ሲጫወት የታወቀው ከሩቅ በመወርወር ችሎታው ነበር። በመደበኛ ውድድር ያስቆጠራቸው 2,973 ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች እስከ 2021 ድረስ በክብረ ወሰንነት ቆይተዋል።

የሙያው ምስጢር ይበልጥ የተገለጠው ግን በጁን 18 ቀን 2013 ነው። ማያሚ ሂት በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በሦስት ነጥብ ተመርቶ የዋንጫ ተስፋው ሊያከትም ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ አለን ወለሉን ሳይመለከት ወደ ሜዳው ጥግ አፈገፈገና ከ6.7 ሜትር ገደማ ወርውሮ አቻ አደረገ። ክለቡም በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ፤ በተከታዩ ጨዋታም ዋንጫውን ወሰደ።

ይህ የዕድል ሥራ አልነበረም። ከወለል ተነሥቶ ወደ ጥግ እያፈገፈገ መወርወርን፣ ይግጠመው አይግጠመው ሳያውቅ፣ አስቀድሞ ደጋግሞ ተለማምዶታል። ድልድይም የሚሠራው ለዘወትሩ ውኃ ብቻ ሳይሆን ለደራሽ ጎርፍ ነው።