ሂሞፊሊያና የዳሌ መገጣጠሚያ

አንደኛ አቅራቢ፦ ሂሞፊሊያ ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች ፋክተር 8 ሲያንስ ሂሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲያንስ ሂሞፊሊያ ቢ ይባላል። መድማቱ የሚበዛው በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚትና በክርን ውስጥ ነው፤ ዳሌን እምብዛም ባያጠቃም፣ ሲያጠቃ ይከፋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የሚከፋው መገጣጠሚያው ጥልቅና ጠባብ በመሆኑ ነው። የተጠራቀመው ደም ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄዱትን የደም ሥሮች ተጭኖ አጥንቱን ሊገድለው ይችላል። ከደሙ የሚቀረው ብረትም ካርቲሌጁን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አንደኛ አቅራቢ፦ የብሽሽት ሕመም ሁሉ ግን ከመገጣጠሚያው አይመጣም። ከወገብ ተነሥቶ ጭን ላይ በሚያርፈው ጡንቻ ውስጥ ደም ሲፈስስ ሕመምተኛው ጭኑን አጥፎ ይተኛል፤ መዘርጋት ያቅተዋል። ጭኑን ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩለት ግን ብዙም አያመውም። አልትራሳውንድ ሁለቱን ይለያል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በሁለቱም የጎደለው ፋክተር ምርመራ ሳይጠበቅ ይሰጣል። ይሻለዋል ተብሎ የምታልፍ አንዲት ሌሊት ብዙ ታስከፍላለች። ከዚያ ዕረፍት፣ ክራንች፣ ቀስ ያለ ፊዚዮቴራፒ ይከተላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይወሰዳል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማቱን ያባብሳሉ። ያለቀ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ይተካል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን በቂ ፋክተር ሳይዘጋጅ አይጀመርም።